ቀስ በቀስ ለብ የሚያደርጉን ስህተቶች

እምነቱን በአንድ ቀን ጥሎ የሄደ ሰው ብዙ አላውቅም። ቀስ እያለ የቀዘቀዘ ግን ስንት አለ! እኔም አንዱ ነበርኩ። እሁድ አልቀርም፣ አስራት አወጣለሁ፣ ኳየር ውስጥ እዘምራለሁ። ከውጭ ሲታይ ምንም የጎደለኝ አይመስልም። ከጌታ ጋር ለብቻዬ ካወራሁ ግን ወራት አልፈው ነበር። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ሠርቼአቸዋለሁ፤ አሁንም እየታገልኳቸው ያሉ አሉ።

ለብ ማለትን ከስሜት ጋር ብቻ ማያያዝ

ራእይ 3 ላይ ጌታ ለሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያን “በራድም ወይም ትኩስ ስላልሆንህ ከአፌ ልተፋህ ነው” ይላታል። ይህን ስንሰማ ትኩስ ማለት በአምልኮ ሰዓት የሚያለቅስና የሚዘል፣ በራድ ማለት ደግሞ የካደ ሰው ይመስለናል። እስቲ ቦታውን እንየው። ሎዶቅያ የነበረችው በዛሬዋ ቱርክ ነው። ጎረቤቷ ኢያራ ከተማ በፍል ውሃዋ ትታወቃለች፤ ሰው ለሕመሙ መድኃኒት ፍለጋ ይሄድባታል። ሌላዋ ጎረቤቷ ቆላስይስ ቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ አላት። ትኩሱ ይፈውሳል፣ ቀዝቃዛው ጥም ይቆርጣል። ለብ ያለውን ግን ማን ይፈልገዋል? ብዙ የመጽሐፍ ቅዱስ አጥኚዎች ቃሉን እንዲህ ያነቡታል፤ እኔም ያሳመነኝ ይኸኛው ነው። ስለዚህ ራሴን የምጠይቀው እሁድ ምን ያህል እንደሞቀኝ አይደለም፤ በእኔ መኖር ማን እንደተፈወሰና የማን ጥም እንደተቆረጠ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሎዶቅያ ሀብታም ነበረች። እ.ኤ.አ. በ60 አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያፈርሳት ከሮም እርዳታ ሳትቀበል በራሷ ገንዘብ መልሳ እንደተሠራች ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ ጽፏል። “አንድም ስንኳ አያስፈልገኝም” የሚለው ቃል የተነገረው ለእንዲህ ያለ ከተማ ነው። ምእመናኑ ጌታን አልካዱም። ጠግበው ነበር።

የሰው ብዛትን እንደ እድገት መቁጠር

በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንት ነኝ ያለው ከመቶ 10 ገደማ ነበር። በ1999ኙ 18.6 ደረሰ። በዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ነገር ግን ማቴዎስ 28 ላይ የተሰጠን ትእዛዝ “ደቀ መዛሙርት አድርጓቸው” ነው፤ ያዘዛቸውን ሁሉ እንዲጠብቁ ማስተማርንም ይጨምራል። እኛ እጅ ያነሳውን ቆጥረን፣ ስልኩን መዝግበን እንለቀዋለን። ከዚያ በኋላ ማን ይደውልለታል? ማን አብሮት ያነባል? በየዓመቱ ከፊት በር ስንት ሰው እንደገባ ሪፖርት ይቀርባል። በጓሮ በር ስለወጣው ሲነገር ግን ሰምቼ አላውቅም።

በአባቶች መሥዋዕትነት መኩራራት

ይህ ስህተት ያስጨንቀኛል፤ ደግ ነገር ስለሚመስል ነው። የስደቱን ዘመን ታሪክ እንወዳለን። ደርግ አብያተ ክርስቲያናትን ሲዘጋ ምእመናን በየቤቱ አምስት ስድስት ሆነው እየተሰበሰቡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር እንዲወጡ መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር። መንጋውን ትቼ አልሄድም አሉ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ሰጥተው ሲወጡ ታፍነው ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

ወላይታንም አስቡ። በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሚስዮናውያኑ በ1929 ዓ.ም. ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት አማኞች መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ በሺዎች የሚቆጠሩ አማኞች ጠበቋቸው። ወንጌሉን ከመንደር መንደር ያደረሱት የተገረፉና የታሰሩ ገበሬዎች ናቸው።

እነዚህን ታሪኮች በኮንፍራንስ ላይ ስንሰማ እናለቅሳለን፣ እናጨበጭባለን። ከዚያ ወጥተን እንደ ለመድነው እንኖራለን። የአባት ገድል ለልጅ እምነት አይሆነውም። እነሱ በእስር ቤት ያላቋረጡትን ጸሎት እኔ እንቅልፍ ስለመጣብኝ አቋርጠዋለሁ። ታሪካቸውን ማውራት ካለብን እንዲህ ከሕይወታችን ጋር እያስተያየን ብናወራው እመርጣለሁ።

ሌላው ያላመጠውን ብቻ መዋጥ

ታክሲ ውስጥ ስብከት፣ ወጥ ሲሠራ መዝሙር፣ ከመኝታ በፊት ከዩቲዩብ የተቆረጠ ትንቢት። ስንሰማ ውለን ስንሰማ እናድራለን። መጽሐፍ ቅዱሱ ግን አልተገለጠም። ስብከት መስማት ጥሩ ነው። ግን ጥሞናን አይተካም። አንድ ምዕራፍ በዝግታ አንብቦ “ጌታ ሆይ፣ ይህ ለእኔ ምን ይላል?” ማለት አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ባዶ ሆኖ የሚሰማችሁ ቀን ቢኖርም አትተዉት።

ሰኞን ከእሁድ መለየት

ሱቅ ገብተን “በደረሰኝ ስንት ነው፣ ያለ ደረሰኝስ?” ብለን ስንጠይቅ የደቀ መዝሙርነት ጥያቄ አይመስለንም። የቤት ሠራተኛችንን ደመወዝ ስናዘገይም እንደዚያው። ጉዳይ ለማስጨረስ እጅ ላይ ሸጎጥ ስናደርግማ “አገሩ ነው” እንላለን። ዘኬዎስ ግን ጌታ ቤቱ በገባ ቀን የነካው ኪሱን ነው። ካለኝ እኩሌታውን ለድሆች፣ በሐሰት የወሰድኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ጌታም “ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል” ያለው ይህን ሰምቶ ነው።

ሩጫን እንደ መሰጠት ማየት

ከቀዘቀዝን በኋላ ስንነቃ ብዙዎቻችን አገልግሎት እንደራርባለን። ኳየር፣ ሰንበት ትምህርት፣ ሚዲያ፣ የሐሙስ ጸሎት። በዓመቱ እንዝላለን። ጌታ ጴጥሮስን ከክህደቱ በኋላ ሲያገኘው መጀመሪያ ቁርስ አበላው። ቀጥሎ “ትወደኛለህን?” አለው። በጎቼን ጠብቅ ያለው መልሱን ከሰማ በኋላ ነው።

ብቻዬን እወጣዋለሁ ማለት

እኔን ያወጣኝ ትልቅ ጉባኤ አይደለም። አንድ ጓደኛዬ ቡና እየጠጣን ሳለ “ለብቻህ የምትጸልይ አይመስለኝም፤ ተሳሳትኩ?” አለኝ። ተናደድኩ። አመሻሹ ላይ ደውዬ “አልተሳሳትክም” አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሆነን በየሳምንቱ ማክሰኞ እንገናኛለን። አንዱ ሥራ ፍለጋ ዱባይ ሄዷል፤ እሱ በስልክ ይገባል። አንድ ምዕራፍ እናነባለን፣ እንጸልያለን። ከዚያ በተራ እንጠያየቃለን፦ “ባለፈው ማክሰኞ አደርገዋለሁ ያልከውን አደረግከው?” ባለፈው ሳምንት የእኔ መልስ “አላደረግኩም” ነበር። ነገ ማታ ደግሞ ይጠይቁኛል።