አዲስ የሸክላ ምጣድ እንዴት ይሟሻል?

ወጥ ቤቴ ካሉት ዕቃዎች አንዱን ብቻ አስቀሪ ብባል ምጣዴን አስቀራለሁ። ድስት ከጎረቤት ይዋሳሉ፣ ቢላም በቢላ ይተካል። የሟሸ፣ ማለትም ፊቱ በጎመን ዘር እየታሸ ለእንጀራ የተዘጋጀ ምጣድ ግን የባለቤቱን እጅ የለመደ ስለሆነ እንዲህ በቀላሉ አይተካም። አዲስ ምጣድ ገዝተው በዚያው ቀን ሊጥ የሚያፈሱ ሰዎች ሳይ አዝናለሁ። እንጀራው አልነሳም ይላል፣ ቁርጥርጥ እያለ ይወጣል። ያኔ ጤፉ ይታማል፣ እርሾው ይቀየራል፣ አብሲቱ ይወፍራል ይቀጥናል። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ ምጣዱ ሳይሟሽ ሥራ መጀመሩ ነው።

ሲገዙ በጣት አንጓ ኳ ኳ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ካለው ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ቀጥ ያለ እንጨት ፊቱ ላይ አጋድሙና በዓይናችሁ ለኩት፤ የጎደጎደ ምጣድ ሊጡን መሃል ላይ ያቁረዋል። አዲስ አበባ ላላችሁ ሸክላ ሠሪዎች ወዳሉበት ቀጨኔ ሄዶ ከሠሪዎቹ እጅ መግዛት ይሻላል፤ ስለ ሸክላው የምትጠይቁትን የሚመልስ ሰው አለ።

ቀጥሎ የጎመን ዘር ነው። ግማሽ ኪሎ ለአንድ ምጣድ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ተፈጭቶ የሚሸጠውን አልወደውም፤ ከቆየ ዘይቱ ይሻግታል፣ ሽታውም እንጀራው ላይ ይቀራል። ጥሬውን ገዝታችሁ ጠጠሩን ልቀሙ፣ ሞቅ ሞቅ አድርጉና በሙቀጫ ውቀጡት ወይም በቡና መፍጫ ፍጩት። ስትጨብጡት እጅ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ደርሷል። ለማሰሻ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ለምሳሌ ያረጀ ነጠላ፣ ደራርባችሁ ቋጥሩ። ናይለን የገባበት ጨርቅ ምጣዱ ላይ ይቀልጣል።

በጎመን ዘር ፋንታ የምግብ ዘይት አፍስሰው የሚያሟሹ አሉ። እኔ አልስማማም። ፈሳሽ ዘይት አንድ ቦታ ይጠራቀምና የሚያጣብቅ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። የተወቀጠው ዘር ዘይቱን ቀስ እያለ ነው የሚለቀው፤ ገለባው ደግሞ ሸክላውን እያሸ ያለሰልሰዋል።

አሁን ዋናው ሥራ፣ ማሞቁ። ሸክላ ደረቅ ቢመስልም በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውስጥ እርጥበት ይይዛል። በድንገት ሲግል ያ እርጥበት እንፋሎት ሆኖ መውጫ ያጣና ምጣዱን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ከአቧራ ጠርጉት፣ አትጠቡት፣ ከዚያ ጥላ ስር አንድ ቀን ይደር። በማገዶ ከሆነ እሳቱ ከመሃል ወደ ዳር የተዘረጋና ለስላሳ ይሁን፤ ኩበት ለዚህ ከእንጨት ይሻላል፣ ቀስ ብሎ ስለሚነድ። የኤሌክትሪክ ከሆነ ብዙዎቹ ምጣዶች ማብሪያና ማጥፊያ እንጂ የሙቀት መቆጣጠሪያ የላቸውም፤ ሁለት ደቂቃ አብርታችሁ አሥር ደቂቃ አጥፉ፣ ይህንንም ደጋግሙ። አክንባሎውን ገና አትክደኑ። ብትከድኑት ክዳኑ ውስጡን ሲያልበው ታያላችሁ፤ የሚያልበው ከሸክላው የሚወጣው እርጥበት ነው፣ እሱም በነፃነት መውጣት አለበት። እጃችሁን ከምጣዱ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ስትይዙ ከሙቀቱ የተነሳ ማቆየት ካልቻላችሁ ምጣዱ ተዘጋጅቷል።

አንድ እፍኝ የጎመን ዘር በትኑና ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር እየዞራችሁ እሹት። መጀመሪያ ጥቂት ይንጣጣል፣ ከዚያ ቢጫው ወደ ቡኒ፣ ቡኒው ወደ ጥቁር ይሄዳል፣ ጭስም ይበዛል። መስኮት ክፈቱ፣ ሕፃናትንም አርቁ። ዱቄቱ ጠቁሮ ሲደርቅ ጥረጉትና ሌላ እፍኝ ጨምሩ። በዚህ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፦ ዘይቱ ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል፣ በሙቀቱም ይጠነክርና ስስ ጠንካራ ሽፋን ይሆናል፤ ሊጡ ሸክላውን ሳይሆን ያንን ሽፋን ነው የሚነካው። አንድ ወፍራም ንብርብር ይላጣል፤ ስስ ስሱ ተደራርቦ ነው የሚጸናው። ስለዚህ አራት አምስት ዙር አድርጋችሁ አጥፉት፣ ራሱ እስኪቀዘቅዝ ተዉት፣ በማግሥቱም ድገሙት።

ዳሩን አትርሱ። ሙቀቱ እዚያ ይቀንሳል፣ ሽፋኑም ዘግይቶ ይጠነክራል፤ እንጀራ መጀመሪያ የሚይዘውም ዳር ላይ ነው። መሃሉ አብረቅርቆ ዳሩ ገና ፈዘዝ ካለ ማሟሸቱን አላበቃችሁም። ማሰሻው ሳይጎተት ሲንሸራተትና ፊቱ ወጥ የሆነ ጥቁር ሲያበራ ይበቃል።

ለሙከራ መጀመሪያ ትንሽ እንጎቻ መሃል ላይ፣ ቀጥሎ ሌላ ዳር ላይ ጋግሩ። ሁለቱም ሳይቀደዱ ከተነሱ ሙሉ እንጀራ ማዞር ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ የጭስ ሽታ ስላላቸው አይበሉም።

በኤሌክትሪክ ለምትጋግሩ አንድ ማስጠንቀቂያ። ምጣዱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ከ14 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። በቀጭን ኤክስቴንሽን አትሰኩት፤ ገመዱ ውስጥ ውስጡን ይግልና ቤት ያቃጥላል። ወፍራም ሽቦ ያለው ለብቻው የሆነ መስመር ያስፈልገዋል። ይህንኑ ምጣድ አሜሪካ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ በተለመደው የ120 ቮልት ሶኬት ኃይሉ ከሲሶ በታች ይወርዳል፣ እንጀራ አይጋግርም። እዚያ የማያጣብቅ ሽፋን ያለው ምጣድ የገዛችሁ ይህን ሁሉ ማሟሸት አያስፈልጋችሁም፤ እንዲያውም በጎመን ዘር ማሸት ሽፋኑን ይጭረዋል።

ከሟሸ በኋላ ሳሙና አይንካው። በየጥቂት እንጀራው ቁንጥር የጎመን ዘር በትናችሁ ማሰስ ይበቃዋል። አንድ ቦታ ከያዘ በቢላ አትፋቁት፤ ደቃቅ ጨው ነስንሳችሁ በማሰሻው እሹት፣ ከዚያ ያንን ቦታ ብቻ መልሳችሁ አሟሹ። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በፍጹም አይፈስም። ቆሎ ለመቁላት ሌላ ምጣድ ይኑራችሁ፤ እህሉ ሲታመስ ሽፋኑን ይፍቀዋል።

ሸክላ ድስትና ጀበናም ማሟሸት ይፈልጋሉ፣ ሥራቸው ግን ቀላል ነው። ድስቱን ውስጡንና ውጭውን ዘይት ቀብታችሁ በለስላሳ እሳት አሙቁት፣ ቀጥላችሁም ቀጭን አጥሚት አፍሉበትና ድፉት። ጀበናው ውስጥ የቡና አተላ በውሃ ደጋግማችሁ አፍሉ፤ የጭቃው ጣዕም ሲጠፋ የመጀመሪያውን ቡና ማፍላት ትችላላችሁ።