ለሌሊት 10 ሰዓት ንቁዎች፦ ህልም ውስጥ ሆኖ "ይሄማ ህልም ነው" ማለት

ቤቴ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ድምፅ ማጉያው ይከፈታል። ድሮ ትራሱን ጆሮዬ ላይ ጭኜ እነጫነጭ ነበር። አሁን ለህልም ማደኛ አድርጌዋለሁ።

ደማቁን ህልም የምናየው ዓይናችን በሽፋኑ ሥር ወዲያ ወዲህ በሚልበት የእንቅልፍ ክፍል ነው። በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፣ ወደ ንጋት ደግሞ እየረዘመ ይሄዳል። እኔ የምተኛው 5 ሰዓት ነው። እና 10 ሰዓት ስነቃ፣ ምርጡ ህልም ገና አልመጣም።

ስነቃ ስልክ አልነካም። ያየሁትን ደብተር ላይ እጭራለሁ። የኔ ህልም ሁሌ አንድ ነው፦ ማትሪክ ልፈተን ነው፣ መፈተኛ ካርዴ ጠፍቷል። (የ41 ዓመት ሴት ነኝ፤ ዘንድሮ የምትፈተነው ልጄ ናት!) እንዲህ የሚደጋገም ነገር ፈልጉ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀምጬ ተመልሼ እተኛለሁ። ፈተናውን በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ "ካርዱ ሲጠፋ፣ ህልም መሆኑ ትዝ ይለኛል" እላለሁ፣ እንቅልፍ እስኪወስደኝ። ዘዴውን ያወጣው የስታንፎርዱ ተመራማሪ ስቲቨን ላበርጅ ነው።

ማረጋገጫው አፍንጫ ነው። ጥፍን አድርጋችሁ ይዛችሁ ለመተንፈስ ሞክሩ። አየር ከገባ ህልም ነው፤ አልጋ ላይ ያለውን አፍንጫ ማንም አልያዘውማ። ቀን ቀንም ልመዱት። እኔ ታክሲ ውስጥ ስለማመድ ረዳቱ "ምን ሸተተሽ እናቴ?" ብሎኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ተሳካልኝ። ካርዱ የለም፣ አፍንጫዬን ያዝኩ፣ አየሩ ገባ። በደስታ ብንን! አሁን እንዳልነቃ ወዲያው መዳፎቼን አፋትጋለሁ። አንዴ ፈታኙን "ካርድ አያስፈልገኝም" ብዬው ወጥቻለሁ።

ደማቁን ህልም በምናይበት እንቅልፍ ጊዜ ጡንቻ አይታዘዝም፤ ዓይን ግን ይንቀሳቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1975 እንግሊዝ፣ ሃል ዩኒቨርሲቲ፣ አለን ዎርስሊ ህልም ውስጥ ሆኖ ቀድሞ በተስማማው መሠረት ዓይኑን ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሰ ለተመራማሪው ኪት ኸርን ምልክት የሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ዱካክ የምንለውም ከዚሁ ይመጣል፦ አእምሮ ነቅቶ ሰውነት ገና ሳይፈታ። ከተጫናችሁ አትታገሉ። ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፣ አንድ ጣት ለማንቀሳቀስ ሞክሩ፤ ይለቃችኋል። በጀርባ መተኛት ያባብሰዋል፣ በጎን ተኙ።

እኔ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው የማደርገው። ሰኞ ሥራ አለ፤ ሰኞ ትራሱን ጆሮዬ ላይ እጭናለሁ።