ከሥሩ የሚወዛወዝ የብረት መብራት ምሰሶ እንዴት ተስተካከለ

ባለ 8 ሜትር የግቢ መብራት ምሰሶ ነፋስ በነካው ቁጥር ይወዛወዝ ነበር። ቀለሙ ላይ ላዩን ደህና ነው። ችግሩ የተገኘው ምሰሶው በብሎኖች ከኮንክሪቱ ጋር ከሚታሰርበት የእግር ብረት (ፕሌት) ሥር ነው፤ በፕሌቱና በኮንክሪቱ መካከል የተሞላው ሲሚንቶ የውሃ መውጫ አልተተወለትም። በምሰሶው ውስጥ የሚጠራቀመው እርጥበት እዚያው ተኝቶ ብሎኖቹን ይበላል፤ ከፕሌቱ በታች ያለው የላላው ዳዶም በሙሌቱ ስለተሸፈነ ማንም አያየውም።

መብራቱ ከዋናው ተቋርጦ፣ ምሰሶው በክሬን ተይዞ፣ ሙሌቱ በመሮ ተነሳ። ብሎኖቹ በሽቦ ብሩሽ ጸድተው ዚንክ የበዛበት ቀለም ተቀቡ። ጥርሱ የተበላ ብሎን ግን ቀለም አያድነውም፣ ይቀየር። ከፕሌቱ ብየዳ ጠርዝና ከሽቦ መግቢያው በር ማዕዘን ላይ ቀጭን የዝገት መስመር ካለ ስንጥቅ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ስንጥቅ ከሆነ ምሰሶው ይውረድ፤ በላዩ መበየድ ችግሩን መደበቅ ብቻ ነው።

ዋናው ሥራ ማጥበቁ ነው። ምሰሶው በታችኞቹ ዳዶዎች በውሃ ልክ ይስተካከላል፤ ከዳዶው ሥር እስከ ኮንክሪቱ ያለው ክፍተት ከብሎኑ ውፍረት አይብለጥ፤ ለ24 ሚሊሜትር ብሎን ቢበዛ 24 ሚሊሜትር። ከዚያ ፊት ለፊት ያሉትን ዳዶዎች እያፈራረቃችሁ ሁለት ጊዜ ዞራችሁ አጥብቁ፣ ዳዶው ላይ በማርከር ምልክት አድርጉ። ለእንዲህ ያለ ተራ ብረት ብሎን የላይኛውን ዳዶ ከምልክቱ ተጨማሪ 1/6 ዙር ማዞር ይበቃል፤ ይህም ልክ አንድ የዳዶ ጎን ነው። ከ2 ቀን በኋላ እንደገና ፈትሹት፣ ቀለም የተቀባ ብሎን ሊላላ ይችላል።

በፕሌቱና በኮንክሪቱ መካከል ያለውን ክፍተት አይጥ እንዳይገባ በማይዝግ የሽቦ ወንፊት ዝጉት። በሲሚንቶ መልሳችሁ አትሙሉት።