የሐር እሳት ራት እንቁላል ስትጥል፦ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት የት ላይ ነው?

ጉሎ በል የሐር ትል ማርባት የጀመሩ ወጣቶችን ሳይ ደስ ይለኛል። እሳት ራቷ ከጎጆዋ ስትወጣ የሚሰማቸው ደስታ የእኔም ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አንዳንዱ ወዲያው ምግብ ያቀርባል። አያስፈልግም። የእሳት ራቷ አፍ ለመብላት አልተሠራም፤ የምትኖረው ትል ሳለች ባጠራቀመችው ስብ ነው። ስኳር በጥብጦ ማስቀመጥ ጉንዳን መጥራት ነው። ስትወጣ የምትለቀው ፈሳሽም በሽታ አይደለም፤ አትደንግጡ።

ወንድና ሴቷ ሲገናኙ ለሰዓታት ተያይዘው ይቆያሉ። ተዉአቸው። መለየት ግድ ከሆነ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ማዞር ነው እንጂ መጎተት የለም።

ሌላው የስልክ ባትሪ ነው። እንቁላል የምትጥለው በአብዛኛው ሲመሽ ነው፤ ዓይኗ ላይ መብራት ሲበራባት ታቋርጣለች። ደብዘዝ ያለ ቀይ መብራት ይዛችሁ ከጎን ተቀመጡ። የሆዷን ጫፍ ተመልከቱ። ግራና ቀኝ እየዳሰሰች ቦታ ትመርጣለች፣ ትጫናለች፣ ነጭ እርጥብ እንቁላል ትለጥፋለች፣ ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ ትላለች። ጉሎ በሏ እንቁላሎቿን ቆለል አድርጋ ነው የምታጣብቀው። «ተጨናነቁ» ብሎ በጥፍር መፋቅ እንቁላሉን ማበላሸት ነው።

ቀለሙም ብዙ ሰው ያሳስታል። በየቦታው የሚነበበው መልበሪ የሚባለውን ዛፍ ቅጠል ስለሚበላው ሌላው የሐር ትል ነው። የዚያኛው፣ የብርዱን ወቅት ሳይፈለፈል የሚያሳልፈው እንቁላል፣ ቢጫ ሆኖ ይጣልና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠቁራል። የጉሎ በሏ ግን ሊፈለፈል እስኪቃረብ ነጭ ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ 10 ቀን ገደማ ይፈጃል። «አልጠቆረም፣ መካን ነው» ብሎ ደህናውን እንቁላል የጣለ ሰው አውቃለሁ፤ በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ዝም ብዬ ማለፍ የማልችለው ግን ሁሉንም እናቶች አንድ ወረቀት ላይ ማስጣልን ነው። ስንቴ ተናግሬያለሁ! ፔብሪን የሚባለው በሽታ ከእናት ወደ እንቁላል ይተላለፋል። ትሉን አንዴ ከያዘው መድኃኒት የለውም። አንዷ የታመመች እናት የጣለችው ከሌሎቹ ጋር ከተቀላቀለ፣ የተፈለፈሉት ትሎች በኩሳቸውና በቅጠሉ በኩል በሽታውን ለጤነኞቹ ያዳርሳሉ። ወር ሙሉ ጉሎ ስትለቅሙ ከርማችሁ ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ። የፈረንሳይን ሐር ያንኮታኮተው ይኸው ነው፤ ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር በ1865 እ.ኤ.አ. በደቡብ ፈረንሳይ ወዳለችው አሌስ የሄደውም ለዚሁ ነበር። ያገኘው መላ ዛሬም ይሠራል። እያንዳንዷን እናት ለብቻ አስጥሉ። ጥላ ስትጨርስ እናቷን በጠብታ ውኃ ፈጭታችሁ በማይክሮስኮፕ እዩ። የሚያብረቀርቁ ሞላላ ነጥቦች ከታዩ የዚያችን እናት እንቁላል በሙሉ አቃጥሉ።

ለየብቻ ለማስጣል የሚያስፈልገው ኩባያና ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነው። እናቷን ወረቀቱ ላይ አስቀምጡና ኩባያውን ድፉባት። ቀኑንና ቁጥሯን ጻፉበት። ማይክሮስኮፕ ባይኖራችሁም የየእናቷን ልጆች በየዕቃቸው አሳድጉ። እድገታቸው ወጣ ገባ የሆነ፣ ቆዳቸው ላይ እንደ ቁንዶ በርበሬ ጥቋቁር ነጥብ ያወጡ ካሉ፣ የትኛዋ እናት እንደወለደቻቸው ታውቃላችሁ፤ እነሱን ብቻ ታስወግዳላችሁ።