እጅ ሲያጥር ለጋሽን የሚያሸሹ ስህተቶች

ኑሮ ሲከብድ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በሁለት በኩል ይጨነቃሉ። እርዳታ ፈላጊው ይበዛል፣ የሰጪው እጅ ደግሞ ያጥራል። ብዙ ስህተት የሚሠራው ያኔ ነው፤ አብዛኛው ከድንጋጤ የሚመጣ ነው።

የመጀመሪያው «አሁን ማን ይሰጣል?» ብሎ ዝም ማለት ነው። ሰው እኮ ይሰጣል! አሜሪካ ውስጥ በ2008 (እ.ኤ.አ.) የገንዘብ ቀውስ ጊዜ ልገሳ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ለአሥርት ዓመታትም ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 2 በመቶ አካባቢ ሆኖ ቆይቷል። የሚቀየረው ልብ የሚያደላበት ነው፤ በችግር ጊዜ ምግብ፣ መጠለያና ሕክምና ይቀድማሉ። ይሄ ማለት ግን መጽሐፍ የሚያዳርስ ድርጅት በአንድ ጀንበር እህል አከፋፋይ ይሁን ማለት አይደለም። ሥራው ለምን ዛሬም እንደሚያስፈልግ በግልጽ ይናገር፣ በቃ።

ደግነትን በገንዘብ ብቻ መለካትም ያሳስታል። ቻሪቲስ ኤይድ ፋውንዴሽን የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ባወጣው የዓለም የልግስና መለኪያ መሠረት፣ የኮሮና ወረርሽኝ በገባበት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ከዓለም አዋቂዎች 55 በመቶ የሚሆኑት የማያውቁትን ሰው ረድተናል ብለዋል። እናንተ ጋ መዋጮውን ያቋረጠው ሰው ሥራ ያጣ ወንድሙን እየደጎመ ሊሆን ይችላል። ጨክኗል ብላችሁ አትዘኑበት።

እኔን ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ወርሃዊ ለጋሽን «ወይ ሙሉውን ክፈል ወይ ውጣ» የሚል አሠራር ነው። በቃል ማንም እንዲህ አይልም፣ ቅጹ ግን ይላል፤ «አቋርጥ» የሚል ቁልፍ እንጂ «ቀንስልኝ» የሚል የለውም። ሰው ገንዘብ ሲያጥረው ያፍራል። አፍሮ የወጣ ደግሞ ነገ ቢሞላለት እንኳ ተመልሶ በሩን ለማንኳኳት ይከብደዋል። ስለዚህ ቀድማችሁ መንገዱን ክፈቱለት፦ «እስካሁን ስላደረጉልን እናመሰግናለን። መጠኑን ዝቅ እናድርገው ወይስ ለሦስት ወር እናቆየው?» ይህች ጥያቄ ክብሩን ትጠብቅለታለች፣ ስሙም ከመዝገባችሁ አይጠፋም። በጉልበቱና በሙያው ማገዝ ይፈልግ እንደሆነም ጠይቁት።

በለቅሶ ፎቶ ማሸማቀቅ ይቅር። ራሱ የተጨነቀን ሰው ጥፋተኛ ነህ ማለት ያሸሸዋል፣ የተረጂውንም ክብር ይነካል።

ሌላው፣ ሰው ለአንድ አደጋ ደንግጦ የሰጠውን ገንዘብ ዝም ብሎ ለሌላ ማዋል ነው። ችግሩ ሲጠና ፈተናው ከባድ እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን ፈተናውን ማለፍ ይቻላል። በታኅሣሥ 2004 (እ.ኤ.አ.) የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ከደረሰ ብዙም ሳይቆይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች (MSF) የተባለው የሕክምና እርዳታ ድርጅት ለዚያ ሥራ የሚበቃን ገንዘብ አግኝተናል ብሎ መቀበሉን አቆመ። ከዚያም የተረፈውን ለሌሎች ድንገተኛ አደጋዎች እንዲያውለው ለጋሾቹን ፈቃድ ጠየቀ። አብዛኞቹ ፈቀዱ።