ዛፉ ውሃውን ከየት ይጠጣል? በአይሶቶፕ ማወቂያው መንገድ

ጅረት ዳር የቆመ ዛፍ ከጅረቱ የሚጠጣ ይመስለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ዳውሰንና ኤህሌሪንገር የተባሉ ተመራማሪዎች ያወጡትን ጥናት ሳነብ ግን ሐሳቤ ተቀየረ። እነሱ ባጠኑት ቦታ ጅረት ዳር የበቀሉ ትልልቅ ዛፎች የጅረቱን ውሃ እምብዛም አይነኩትም፤ የሚስቡት ከጥልቅ ነው። ይህን ያወቁት ሥር ቆፍረው ሳይሆን ውሃውን መርምረው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቂት የውሃ ሞለኪውሎች ከበድ ያለ ኦክስጅን (ኦክስጅን-18) ወይም ከበድ ያለ ሃይድሮጅን (ዲዩቴሪየም) አላቸው። እንዲህ በክብደት ብቻ የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር ዓይነቶች አይሶቶፕ ይባላሉ። አፈር ሲደርቅ ቀላሉ ውሃ ቀድሞ ይተናል፣ ከባዱ ይቀራል። ስለዚህ ከላይ ያለው ውሃ ከታችኛው ይከብዳል። ሥር ውሃ ሲስብ፣ ከአንዳንድ የጨዋማና የደረቅ ቦታ ዕፅዋት በቀር፣ ይህን ምጥጥን ብዙም አይለውጠውም።

ወደ ሥራው እንግባ። ዝናብ ካቆመ ሰንበት ሲል ውጡ፤ ያኔ የላይኛውና የታችኛው አፈር ልዩነት ይጎላል። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ቅርፊቱ ቡናማ ሆኖ የጠነከረ ቅርንጫፍ ቁረጡ። አረንጓዴ ቀንበጥ አይሆንም። ቅጠልማ ጭራሽ አይታሰብም፣ ውሃው በትነት ከብዷል። ቅርፊቱን ቶሎ ላጡትና እንጨቱን የብርጭቆ ብልቃጥ ውስጥ ጠቅጥቁት። ክዳኑን አጥብቁ፣ በፓራፊልም (ተለጥጦ በሚያሽግ የላቦራቶሪ ስስ ፕላስቲክ) ጠቅልሉት፣ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ አስገቡ። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ ባይበልጥ ደስ ይለኛል። በዚያው ቀን ከዛፉ ሥር በ10፣ በ30፣ በ60 እና በ100 ሴንቲሜትር ጥልቀት አፈር ውሰዱ፤ የጅረቱንም ውሃ አትርሱ።

ላቦራቶሪው ናሙናውን በቫኪዩም አሙቆ፣ የተነነውን ውሃ በከባድ ቅዝቃዜ ይይዘዋል። ልኬቱ በሌዘር ከሆነ ናሙናው የተክል መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩ። ከእንጨቱ ጋር የሚወጣ አልኮል ሌዘሩን ያሳስተዋል። በዚህ አወጣጥ የሃይድሮጅን ቁጥር ሊዛባ ስለሚችል እኔ ይበልጥ የምተማመነው በኦክስጅኑ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ውጤቱ የሚነገረው ውሃው ከመደበኛ የባሕር ውሃ በሺህ (‰) ስንት እንደሚለይ ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ መጠን ውሃው ይቀላል። የላይኛው አፈር ኦክስጅን -2፣ የጥልቁ -8፣ የቅርንጫፉ -6.5 ‰ ነው እንበል። ቅርንጫፉ ከጥልቁ በ1.5 ይርቃል፤ የሁለቱ አፈር ልዩነት 6 ነው። 1.5 ለ6 ሲካፈል 0.25። ዛፉ ሩቡን ከላይ፣ የቀረውን ከታች ጠጥቷል ማለት ነው። ይህ የሚሠራው ምንጮቹ ሁለት ብቻ ከሆኑ ነው።

የቅርንጫፉ ቁጥር ከምንጮቹ ሁሉ ውጭ ከወጣ ግን ስሌቱን ተዉት። ወይ ያልለካችሁት ምንጭ አለ፣ ወይ ናሙናው ተንኗል። አንድ ጊዜ የእኔ ቅርንጫፎች ከአፈሩ ሁሉ ከብደው ተገኙ። ለቀናት ስጨነቅ ከረምኩ፤ ለካስ የብልቃጦቹ ክዳን ላልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ብልቃጥ ፍሪዘር ሳይገባ እመዝናለሁ፣ ሲወጣም ጤዛውን ጠርጌ መልሼ እመዝናለሁ። ክብደቱ የቀነሰውን ላቦራቶሪ አልልክም።