የዳታቤዝ ፕሮግራመር ሲቀጥሩ ወጥመድ ያለበት ሠንጠረዥ ያቅርቡ

የዳታቤዝ አፕሊኬሽን ፕሮግራመር ለመቅጠር የሚፈትኑ ከሆነ፣ «ፕራይመሪ ኪ ምንድን ነው?» የሚለው ዓይነት ጥያቄ በቃል ተሸምድዶ ሊመለስ ስለሚችል ይተዉትና፣ በምትኩ የደንበኞችና የትዕዛዞች ሁለት ትናንሽ ሠንጠረዦች ሰጥተው አንድም ትዕዛዝ የሌላቸውን ደንበኞች የሚያወጣ የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) መጠይቅ አመልካቹን ያጽፉት። በትዕዛዞቹ ሠንጠረዥ ውስጥ የደንበኛ መለያው ባዶ፣ ማለትም ነል፣ የሆነ አንድ ረድፍ ሆን ብለው ያስገቡ። አመልካቹ መጠይቁን በ«ኖት ኢን» (በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ) ከጻፈው፣ በዚያች አንዲት ነል ምክንያት አንድም ደንበኛ አይወጣለትም፤ የስህተት መልእክትም አያይም። መሳሳቱ ብቻውን ሊያስጥለው አይገባም (ልምድ ያላቸውም ይስቱታል)፤ እኔ የምመለከተው ባዶውን ውጤት ተጠራጥሮ ወደ ሠንጠረዡ ተመልሶ መመርመሩንና «ኖት ኤግዚስትስ»ን (የሚዛመድ ረድፍ የሌለው) መሞከሩን ነው።

ቀጥሎም ቀሪው 1000 ከሆነ ሒሳብ ላይ ሁለት ተጠቃሚዎች በአንድ ቅጽበት 700 ለማውጣት ቢሞክሩ ፕሮግራሙ ምን እንደሚያደርግ ይጠይቁት። «ቀሪውን አነባለሁ፤ ከበቃ እቀንሳለሁ» ብሎ ካበቃ፣ ሁለቱም 1000ን አንብበው ለሁለቱም ሊፈቀድላቸው እንደሚችል አላስተዋለም ማለት ነው፤ ትራንዛክሽንን (ሁሉም ካልተሳካ ሁሉም የሚሰረዝ የእርምጃዎች ጥቅል) እና ረድፉን መቆለፍን (አንዱ እስኪጨርስ ሌላው እንዲጠብቅ ማድረግን) ሳይጠየቅ ካነሣ ግን ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ሥርዓት ላይ የሠራ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

ተጠቃሚው በቅጹ ላይ የሞላውን ጽሑፍ እንዳለ ከኤስኪውኤሉ ጋር የሚገጣጥም አመልካች ካጋጠመዎ፣ ተጠቃሚው በዚያ በኩል የራሱን የኤስኪውኤል ትዕዛዝ ሊያስገባ ስለሚችል፣ ምክንያቱን ሳይጠይቁት አይለፉ።